ከስኒ ወደ እንክብል፦ መድኃኒት ቀማሚ ምን ይማር?

የፊዚክስ መምህር ሆኜ ሳለ ስለ ፋርማሲ ትምህርት መጻፌ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለዚህ የነገሩን አመጣጥ በማስረዳት እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የፋርማሲ ተማሪዎች በመጀመሪያ ዓመት የሚወስዱትን የፊዚክስ ኮርስ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ስለ ተወርዋሪ አካላት እንቅስቃሴ በማስረዳት ላይ ሳለሁ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ መድኃኒት ቤት ውስጥ ምን ልንወረውር ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን ሥርዓተ ትምህርቱ በመከለስ ላይ ስለነበር ከየዘርፉ የተውጣጣን መምህራን ለስብሰባ ተጠራን። ከተያዙት አጀንዳዎች አንዱ የፊዚክሱ ኮርስ ይቀነስ ወይስ ጨርሶ ይቅር የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ስብሰባ የተከራከርሁት ለተማሪዎቹ ሳይሆን ለክሬዲት ሰዓቴ ነበር። «ፊዚክስ የሳይንስ ሁሉ መሠረት ነው» አልሁ። ሰብሳቢው በትሕትና፣ «መሠረትነቱን ማንም አልካደም። ነገር ግን ይህን ኮርስ የተማረ ፋርማሲስት ካልተማረው በተለየ ምን መሥራት ይችላል?» ብለው ጠየቁኝ። ለሁለተኛ ጊዜ መልስ አጣሁ። ስብሰባውም ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ። መልሱን ያገኘሁት በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ያገኘሁትም ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከመርካቶ ነው።

የመርካቶዋ ስኒ

መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የአገሬው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ እንዲነሣ በተደረገ ጊዜ የተመሠረተ የገበያ ሰፈር መሆኑ ይታወቃል። በዚያ ቅዳሜ የሄድሁት ለቤት የሚሆን ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ልገዛ ነበር። ቅመማ ቅመም በሚሸጥበት ረድፍ ከኮረሪማው ጎን የደረቀ የኮሶ አበባ፣ እንቆቆ፣ ፌጦና መተሬ በየከረጢቱ ተደርድሮ አየሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሻጭ ፊት ቆም አልሁ።

«እማማ፣ ይህ መተሬ ነው?»

«መተሬ ነው ልጄ። ለማን ነው? ለራስህ ነው?»

«ለዘመድ ነው» አልሁ፣ ምን እንደሚሉ ለመስማት።

«ትልቅ ሰው ነው? ለልጅ ከሆነ አልሰጥም። አቅም አለው? ሴት ከሆነች ደግሞ እርጉዝ እንዳትሆን።»

ትልቅና ጤነኛ ሰው መሆኑን ስነግራቸው ከጎናቸው ያለችውን የቡና ስኒ አንሥተው፣ «እንግዲያው አንድ ስኒ ይበቃዋል» አሉኝ። ጥቂት እልፍ ብዬ ሌላ ሻጭ ጠየቅሁ። የእሳቸውም መልስ አንድ ስኒ ነበር። ይሁን እንጂ ስኒያቸው ሰፋ ያለች ከመሆኗም በላይ የሞሉት እስኪከመር ነው።

ሁለቱንም ገዝቼ ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር አሰብሁ። የመጀመሪያዋ ሻጭ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ጥሩ ፋርማሲስት ሊጠይቀኝ ከሚገባው ጋር ይመሳሰላል፤ ዕድሜን፣ አቅምንና እርግዝናን የሚመለከት ነው። መድኃኒቱን ያውቁታል፤ ለበሽተኛውም ያስባሉ። የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ እሱም መጠን ነው።

ስኒ የሚደብቀው ነገር

ስኒ የሚለካው አንድ ነገር የሚይዘውን ቦታ እንጂ ክብደቱን አይደለም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኩል መጠን ያላቸውን ድቡልቡል ፍሬዎች በአንድ ዕቃ ውስጥ በዝግታ ብናፈስስ ፍሬዎቹ ከዕቃው ውስጥ በመቶ 60 ያህሉን ብቻ ይይዛሉ፤ የቀረው በመካከላቸው ያለ አየር ነው። ዕቃውን መታ መታ አድርገን ብንሞላው ግን ወደ 64 በመቶ ይደርሳል። ይህ ማለት ሻጯ ፍጹም ታማኝ ቢሆኑ፣ ስኒዋም ያችው አንዷ ብትሆን፣ መታ በመደረጓ ብቻ የሚሸጠው ክብደት ከመቶ 6 እስከ 7 ያህል ይለዋወጣል ማለት ነው። የስኒዎቹን መለያየት፣ የክምሩን ከፍታና የፍሬዎቹን አለመመሳሰል ስንጨምርበት ልዩነቱ እጅግ ይሰፋል።

ከዚህም ሌላ ክብደቱ እኩል ቢሆን እንኳ በውስጡ ያለው ፈዋሽ ንጥረ ነገር እኩል ላይሆን ይችላል። ፍሬው የበቀለበት አፈር፣ የተለቀመበት ወቅትና በመጋዘን የቆየበት ጊዜ ይለያያልና።

ይህ ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው። የኮሶ ትልን ለማስወጣት በአገራችን ለብዙ ዘመናት ያገለገለው ኮሶ ከመጠን በላይ ሲወሰድ የዓይን ብርሃንን እስከ መጉዳት፣ አልፎ ተርፎም እስከ ሞት እንደሚያደርስ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ይኸው ኮሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ተወስዶ በመድኃኒት መዝገቦቻቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። እዚያ ሲደርስ የተደረገለት የመጀመሪያው ነገር በሚዛን የተወሰነ መጠን እንዲኖረው ማድረግ ነው። አበባው ያው የእኛው አበባ ነው፤ የተጨመረለት ቁጥር ነው።

የእንክብል መኪናም በስኒ ይሰፍራል

ስለ እንክብል አሠራር ማንበብ ስጀምር ያልጠበቅሁት ነገር አገኘሁ። በፋብሪካ ያለው የእንክብል መኪና እያንዳንዱን እንክብል በሚዛን እየመዘነ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ዱቄቱ በአንዲት ትንሽ የብረት ጉድጓድ ውስጥ ይሞላል፤ ትርፉ ከላይ ይጠረጋል፤ ከዚያም በሁለት የብረት ዘንጎች መካከል ተጨምቆ እንክብል ይሆናል። እንግዲህ መኪናውም እንደ መርካቶዋ ሻጭ የሚሰፍረው በስኒ ነው! ልዩነቱ ያለው ከስኒዋ በፊትና ከስኒዋ በኋላ በሚደረገው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ከስኒዋ በፊት ያለውን እንመልከት። ጤፍ ከጆንያ ሲፈስስ ልክ እንደ ውኃ ይወርዳል። የጤፍ ዱቄት ግን ይያያዛል፤ አንዳንዴም የጆንያው አፍ ላይ ተደፍኖ ይቀራል። ምክንያቱን ፊዚክስ ያስረዳል። የአንድ ቅንጣት ክብደት የሚቀንሰው በስፋቱ ሣልሳይ ኃይል ሲሆን ቅንጣቶችን እርስ በርስ የሚያጣብቀው ኃይል የሚቀንሰው ግን ከስፋቱ ጋር በቀጥታ ነው። በመሆኑም ስፋቱን በ10 እጥፍ ብናሳንሰው ክብደቱ በ1,000 እጥፍ ሲቀንስ መጣበቁ የሚቀንሰው በ10 እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅንጣቱ እጅግ ሲደቅ መሬት ከምትስበው ይልቅ ጎረቤቱ የሚስበው ይበልጣል። ቀማሚዎች ይህን ስለሚያውቁ ደቃቁን ዱቄት በማጣበቂያ አርሰው ወደ ትናንሽ ጓሎች ይለውጡታል፤ ያደርቁታል፤ ከዚያም እንደ ጤፍ እንዲፈስስ ያደርጉታል። ስኒዋ ሁልጊዜ እኩል የምትሞላው በዚህ ዘዴ ነው።

ከስኒዋ በኋላ ደግሞ ምርመራ አለ። በብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ደንብ መሠረት 20 እንክብሎች ተወስደው አንድ በአንድ ይመዘናሉ። ክብደታቸው 250 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ከአማካዩ ከ5 በመቶ በላይ እንዲርቁ የሚፈቀደው ከሁለት ለማይበልጡት ብቻ ነው፤ ከ10 በመቶ በላይ የራቀ አንድም መገኘት የለበትም። ስኒን መታ መታ በማድረግ ብቻ የሚመጣው ልዩነት ከዚህ ከ5 በመቶ እንደሚበልጥ ልብ በሉ።

የቡላና የመተሬ ተመራማሪዎች

ይህን ዕውቀት ከአገራችን ገበያና ጓሮ ጋር ያገናኙ የፋርማሲ መምህራን አሉን። ከእነዚህ መካከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረ ማርያም ይገኙበታል። እሳቸው ከኒኮላየቭ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1993 በብሪታንያ የፋርማሲ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ከእንሰት የሚገኘውን ስታርች፣ ማለትም ሁላችንም በቡላነት የምናውቀውን፣ ለእንክብል መሥሪያ የሚመረምር ነው።

የእንክብል ሠሪ ችግር ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድነት መሻቱ ነው። እንክብሉ በጭነት መኪና ተጭኖ በኮረኮንች መንገድ ሲጓዝ እንዳይፈረፈር ጠንካራ መሆን አለበት። ሆድ ውስጥ በገባ ጊዜ ግን ውኃ ስቦ፣ አብጦ፣ በደቂቃዎች ውስጥ መበተን ይኖርበታል። ስታርች ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ በአንድ በኩል ያያይዛል፣ በሌላ በኩል ይበትናል። ጥናቱ የእንሰትን ስታርች ከድንች ስታርች ጋር ባነጻጸረበት ጊዜ የእንሰቱ በማያያዝ የሚበልጥ፣ በመበተን ግን የሚያንስ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ የምንማረው ቡላ ለየትኛው ሥራ እንደሚስማማ መለካት መቻሉን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከመርካቶዋ ስኒ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አበበ እንዳለ፣ ጽጌ ገብረ ማርያምና ጀርመናዊው ፒተር ሽሚት እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት የመተሬን ፍሬ ጭማቂ ወደ እንክብል ለመለወጥ ሠርተዋል። ተጣባቂውን ጭማቂ እጅግ ብዙ ቀዳዳ ባለው የሲሊካ ቅንጣት ላይ ጫኑት፤ በሁለት ተሽከርካሪ ሲሊንደሮች መካከል በደረቁ አሳልፈው ወደ ጓል ለወጡት፤ በመጨረሻም ጨጓራ የማያሟሟው ልባስ አለበሱት። ልባሱ ያስፈለገው መድኃኒቱ በጨጓራ ሳይሆን የኮሶ ትል በሚኖርበት በአንጀት ውስጥ እንዲለቀቅ ነው። ሥራው የላቦራቶሪ ጥናት ነው። ይሁን እንጂ «አንድ ስኒ» የሚለው የገበያ ቃል ወደ ሚሊ ግራም የሚደርስበትን መንገድ ያሳያል።

መምህርነት እዚህ ላይ ትርጉሙ ይሰፋል። አንድ ተመራማሪ አንድ መድኃኒት ሊሠራ ይችላል። ሥርዓተ ትምህርት የሚቀርጽ መምህር ግን ይህን ማድረግ የሚችሉ ሰዎችን በየዓመቱ ያወጣል፤ ወይም ሳያወጣ ይቀራል።

ከመድኃኒቱ ወደ በሽተኛው

በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ዘመናዊ መድኃኒት ቤት እ.ኤ.አ. በ1910 የከፈቱት የጆርጂያ ተወላጁ ዶክተር ሜራብ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የዲግሪ ፋርማሲስት ለመሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ወደ ባሕር ማዶ መሄድ ነበረበት። በአገር ውስጥ የፋርማሲ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትምህርት ቤቱ ለብዙ ዓመታት በዲግሪ ደረጃ ብቸኛው ሆኖ ከቆየ በኋላ ጅማ፣ ጎንደር፣ መቀሌና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ተከትለውታል።

በእነዚያ ዓመታት የትምህርቱ ማዕከል መድኃኒቱ ራሱ ነበር፤ ኬሚስትሪው፣ ቅመማው፣ አከመቻቸቱና ቁጥጥሩ። በሌላው ዓለም ግን አመለካከቱ እየተለወጠ ነበር። አሜሪካውያኑ ሄፕለርና ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ ፋርማሲስቱ ኃላፊነት የሚወስደው ለተሰጠው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱ በበሽተኛው ላይ ለሚያመጣው ውጤት ጭምር መሆን እንዳለበት አመለከቱ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1997 የፋርማሲስትን ሰባት ሚናዎች ሲዘረዝር አንዱን «መምህር» ብሎታል።

ይህ አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ማብቂያ ግድም ወደ አገራችን ሥርዓተ ትምህርት ገባ። የመጀመሪያ ዲግሪው ከአራት ወደ አምስት ዓመት ከፍ አለ፤ ተማሪዎችም በሆስፒታል ከሐኪሞች ጋር በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆመው እንዲማሩ ተደረገ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በዚህ ዘርፍ የሰጠው ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የፋርማሲ ትምህርት መጽሔት ላይ ቀርቧል።

ለውጡ ተገቢ ነበር። መርካቶ ያሉት እናት እንኳ በሽተኛውን ሳይጠይቁ አይሸጡም፤ የተማረው ሰው እንዴት ሳይጠይቅ ይሰጣል? ሆኖም በሽተኛውን ስናይ መድኃኒቱን እንዳንረሳ መጠንቀቅ አለብን። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ከ100 በላይ ሰዎች አንድ የሰልፋ ሽሮፕ ጠጥተው ሞቱ። ሰልፋው ራሱ ጥሩ መድኃኒት ነበር፤ የገደላቸው ማሟሚያ ሆኖ የገባው ዳይኤቲሊን ግላይኮል ነው። ከ85 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት ሲሞቱ የተጠረጠረው በሳል ሽሮፖች ውስጥ የተገኘው ይኸው ዓይነት መርዝ ነበር። እንዲህ ያለውን አደጋ በአልጋ አጠገብ በመቆም ብቻ መከላከል አይቻልም፤ ስለ መድኃኒቱ ይዘት ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል።

በሁለተኛው ስብሰባ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ስብሰባው ስመለስ ስለ ፊዚክስ ክብር አልተናገርሁም። በአንድ ገጽ ላይ አራት መስመር ብቻ ጽፌ አቀረብሁ። እያንዳንዱ መስመር «ተማሪው ይህን መሥራት ይችላል» የሚል ነበር።

አንደኛ፣ አንድ ዱቄት ለምን እንደማይፈስስ አስረድቶ መፍትሔ ማቅረብ ይችላል። ሁለተኛ፣ የሃያ እንክብሎችን ክብደት መዝኖ ምድቡ ይለፍ ወይስ ይጣል ብሎ በቁጥር መወሰን ይችላል። ሦስተኛ፣ መድኃኒት ሲደቅ ለምን ቶሎ እንደሚሟሟ ማስላት ይችላል። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገጽታ አለው፤ ወደ 1,000 ትናንሽ ኪዩቦች ብንቆርጠው ግን ጠቅላላው ገጽታ 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የሟሚነትን ፍጥነት ኖይስና ዊትኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1897 በቀመር ያስቀመጡት ሲሆን ቀመሩ እስከ ዛሬ ያገለግላል። አራተኛ፣ አንድ መድኃኒት በደም ውስጥ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ የሚቀንስ ከሆነ ከ24 ሰዓት በኋላ አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ እንደሚቀር አስልቶ፣ በሽተኛው ሰዓቱን ሳያዛንፍ እንዲወስድ ለምን እንደሚመከር ማስረዳት ይችላል።

ኮርሱ ሰዓቱ ተቀንሶ ጸደቀ። ተወርዋሪ አካላትን አወጣሁ። ለክሬዲት ሰዓቴ ያሰብሁትን ያህል አላዘንሁም።

ሥርዓተ ትምህርት መቅረጽ ማለት ምን እንደሆነ የተረዳሁት በዚያን ጊዜ ነው። ሥራው ተመራቂው ሊሠራው ከሚገባው ተነሥቶ ወደ ኋላ እየተመለሱ፣ ለዚያ የሚያበቃውን ዕውቀት፣ ጊዜና ምዘና መወሰን ነው። ዛሬ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የመውጫ ፈተና በሚሰጥበት ወቅት ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይጠነክራል። ፈተናው ለትምህርቱ መለኪያ ሆኖ ካገለገለ መልካም ነው፤ ትምህርቱ ለፈተናው ሲባል ከተቀረጸ ግን ስኒውን ይዘን ሚዛኑን ጣልነው ማለት ነው።

ለወጣት አንባብያን

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያላችሁ ተማሪዎች ፋርማሲን የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩት አደራ እላለሁ። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ፋብሪካና ወደ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሚወስዱ መንገዶች አሉ። ለማስተማር የሚሹ ደግሞ በቅመማ፣ በመድኃኒት ኬሚስትሪ፣ በዕፀዋት መድኃኒት ወይም በክሊኒካል ፋርማሲ ከፍተኛ ትምህርት ተከታትለው መምህር ይሆናሉ። ጥቂት ዓመት በሥራ ላይ ቆይቶ ወደ ማስተማር መመለስ ይጠቅማል እላለሁ፤ በሽተኛ ጠይቆት የማያውቅ መምህር ተማሪው የሚጠየቀውን ለመገመት ይቸገራልና። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የምታጠኑም ብትሆኑ በሩ ለእናንተ ዝግ አይደለም።

አሁን ኮርሱን የምጀምረው በስኒ ነው። ለየቡድኑ አንዳንድ የቡና ስኒና ፍሬ እሰጣለሁ። አንዴ በዝግታ፣ አንዴ መታ መታ እያደረጉ ሞልተው ይመዝናሉ፤ ልዩነቱንም ያሰላሉ። የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግን ዕለት፣ ያቺ ስለ መወርወር የጠየቀችኝ ተማሪ ወደ ላይኛው ዓመት ተሻግራ ስለነበር በረዳትነት መጥታ ነበር። ስለ መርካቶዋ ሻጭ ነገርኋት።

«ታዲያ ለሴትዮዋ ሚዛን ብንሰጣቸውስ?» አለችኝ።

«ሚዛኑ የፍሬውን ክብደት ይነግራቸዋል፤ በፍሬው ውስጥ ያለውን መድኃኒት ግን አይነግራቸውም» አልኋት።

ጥቂት አሰበችና፣ «እሱን ለማወቅ ምን መማር አለብኝ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ይህ ጥያቄ አንድ ሥርዓተ ትምህርት ሊጀመርበት የሚገባው ጥያቄ ይመስለኛል። ቁጭ ብለን አብረን መዘርዘር ጀመርን።